ቲና ተርነር ይዛ የወጣችው

ልጄ፣ ቲና ተርነርን በዘፈኗ ታውቃት ይሆናል። እኔ ዛሬ የማነሳልህ ግን ፍቺዋን ነው። አንተም አንድ ቀን ከባንድህ ወይም ከፈረምከው ውል መውጣትህ አይቀርም፤ ያኔ ምን ይዘህ እንደምትወጣ ካሁኑ ብታስብበት እወዳለሁ።

ወላጆቿ ያወጡላት ስም አና ሜይ ቡሎክ ነው። ያደገችው አሜሪካ፣ ቴነሲ ውስጥ ነትቡሽ በምትባል የገጠር መንደር ነው። «ቲና» ያላት አይክ ተርነር ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1960 ሸክላዋን ያወጣው በዚሁ ስም ነው። ስሙንም አስመዘገበው፤ ጥላው ብትሄድ ሌላ ዘፋኝ አምጥቶ «ቲና» ሊላት። ልብ በል፤ ገና ሲጀመር መተኪያዋ ታስቦበት ነበር።

ከዚያ ባሏ ሆነ፤ ይደበድባት ነበር። «ትዕግስት መራራ ናት፣ ፍሬዋ ግን ጣፋጭ ናት» እንላለን። ይህን ተረት ለተደበደበች ሴት የሚጠቅስ ሽማግሌ ግን ደስ አይለኝም።

በጁላይ 1976 ዳላስ ሲገቡ መኪና ውስጥ ተደባደቡ። ሆቴል ደርሰው እሱ እንቅልፍ ሲወስደው ሾልካ ወጣች፤ መኪና የሚከንፍበትን አውራ ጎዳና ሮጣ ተሻገረችና ማዶ ካለው ሆቴል ደረሰች። በእጇ የነበረው 36 ሳንቲምና አንድ የሞቢል ነዳጅ ካርድ ብቻ ነው። ልብሷ ደም ነክቶታል። ሥራ አስኪያጁ ክፍል ሰጣት።

ብዙ ሰው ታሪኩን እዚህ ላይ ይቋጫል። ለእኔ ግን ከባዱ ምርጫ ከዚህ በኋላ ነው። ፍቺው በ1978 ሲያልቅ ገንዘቡን ተወችለት፤ አጥብቃ የያዘችው የመድረክ ስሟን ነው። አንተ ብትሆን ምን ትጠይቅ ነበር? ያልተከፈለህን ብር? የስቱዲዮውን ዕቃ? ስም ከመቃብር በላይ ይውላል፤ ዳቦ ግን ወዲያው አይገዛም። ጥላው በመሄዷ የተሰረዙት ኮንሰርቶች ዕዳ በእሷ ላይ ወደቀ። ለዓመታት በላስ ቬጋስ ሆቴሎችና በቴሌቪዥን መዝናኛዎች እየሠራች ኖረች፤ የሙዚቃ ኩባንያዎችም ጊዜዋ ያለፈ መስሏቸው ነበር።

«ፕራይቬት ዳንሰር» የተባለው አልበሟ በ1984 ሲወጣ 44 ዓመቷ ነበር። በማግስቱ ዓመት ግራሚ ወሰደች። በ1988 ሪዮ፣ ማራካና ስታዲየም ውስጥ ወደ 180,000 ሰው ሊያያት ሲወጣ፣ ትኬቱ የተሸጠው አይክ ለራሱ ብሎ ባስመዘገበው በዚያው ስም ነው።