ማኅተሙ የማን ነው?

ና እስቲ ልጄ፣ ቁጭ በል። ቡናው እስኪፈላ አንድ ነገር ላውጋህ።

እጅህ መልካም ነው። ፕላን ስትሠራ አይቼሃለሁ። የዲላ ሰውም ወዶሃል፤ አታስወድድም፣ አታጓትትም። እንቅልፍ የሚነሳኝ ከወረቀቱ ግርጌ የሚያርፈው ማኅተም ነው። ሥራው ያንተ፣ ማኅተሙ የኪራይ። ባለማኅተሙ ቦታውን በዓይኑ አላየውም።

የጌዴኦ ምድር ደግሞ ሜዳ አይደለም። ዳገቱ ላይ ያለውን የዘመዳችንን ቤት ታውቀዋለህ። ግማሹ ያረፈው ጠንካራ መሬት ላይ፣ ግማሹ ተቆርጦ በተሞላ አፈር ላይ ነው። ሁለት ክረምት አልቻለም። ሳሎኑ ከመስኮቱ ጥግ እስከ ኮርኒሱ ተሰነጠቀ፤ የአንድ ብር ሳንቲም ሰተት ብሎ ይገባል። ፕላኑን የሠራውን ብንፈልግ ስሙ ወረቀቱ ላይ የለም። ነገ እንዲህ የምትፈለገው አንተ እንዳትሆን ነው ፍርሃቴ።

ዲግሪ አለኝ ትለኛለህ። ዲግሪ ፈቃድ አይደለም፣ ልጄ። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ሕንፃን በሦስት ምድብ ከፈለ። ከ12 ሜትር በላይ የሆነውንና የሕዝብ መገልገያውን ምድብ «ሐ» አለው፤ ንድፉንም የተመዘገበ ባለሙያ እንዲሠራው ደነገገ። ሰሞኑን ቀብድ የተቀበልክበት ሆቴል እዚህ ምድብ ውስጥ ነው።

ሕንፃው ሰው ከጎዳስ? የወንጀል ሕጉን አንቀጽ 543 አንብበው። የሰው ደኅንነት የመጠበቅ ግዴታ ያለበት ሰው በቸልተኝነት ቢገድል ከ1 እስከ 5 ዓመት ይታሰራል። ሟቾቹ ሁለትና ከዚያ በላይ ከሆኑ፣ ወይም ግልጽ ደንብ አውቆ ከጣሰ፣ ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ነው። አንተ ደግሞ አውቀህ ነው የምትሠራው። በሶንጎ፣ በጌዴኦ ሽማግሌዎች ሸንጎ፣ ሽማግሌ ያስታርቅሃል፤ ዐቃቤ ሕግ ግን ሽማግሌ አይደለም።

አሠሪህም አያመልጥም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2077 ሕንፃው ላደረሰው ጉዳት ባለቤቱን ተጠያቂ ያደርጋል። አምና ቤት የሠራህላት ባልቴት ይህን ታውቃለች? አልነገርካትም።

አንድ ጊዜ ነው ብለህ ጀመርክ። አሁን ስንተኛህ ነው? እንዲህ ነው ልማድ የሚሆነው።

የሆቴሉን ቀብድ መልስ። ከተመዘገበ ባለሙያ ሥር ገብተህ ሥራ፤ ደመወዙ ያንሳል፣ አውቃለሁ። ልምድህን አስመዝግበህ በስምህ ፈቃድ አውጣ። ለባልቴቲቱም ቤቱን የሚያይላት ባለፈቃድ መሐንዲስ ይዘህ ሂድ። ብቻህን መሄድ ካሳፈረህ ቅዳሜ በጠዋት ጥራኝ፣ አብሬህ እሄዳለሁ።