የተበጠሰው የጫማ ጠፍር

ቅዱስ ማርቆስ እስክንድርያ የገባ ዕለት ጫማው ተበጠሰ። ስንክሳር የሰማ ሁሉ ይህን ያውቃል። እኛ ደብረ ማርቆሶች ግን ሚያዝያ 30 በመጣ ቁጥር ስለ ወንጌሉ፣ ስለ ሰማዕትነቱና በሥዕሉ ላይ ስለሚታየው አንበሳ ስንናገር እንውልና ጫማውን እናልፈዋለን። ዛሬ እኔ ጫማው ላይ ልቆይ ነው፤ ታገሡኝ።

ሰውዬው እንግዳ ነው። በከተማዋ ዘመድ የለውም፤ የሚያድርበትንም አያውቅም። መጓጓዣው ሁለት እግሩ ነው፤ እሱም በበሯ ሲገባ ተበላሸበት። ጠፍሩን ይዞ ወደ ጫማ ሰፊ ሄደ። አንያኖስ የሚባለው ሰፊ ሲሰፋ ወስፌው እጁን ወጋው፤ በድንጋጤም የአንድ አምላክን ስም ጠራ። ማርቆስ ቁስሉን ፈወሰለት፤ ወሬ ጀመሩ፤ ማታ ሰፊው እንግዳውን ቤቱ ወስዶ አበላው። ማርቆስ ካረፈ በኋላ በመንበሩ የተቀመጠው ይኸው ጫማ ሰፊ ነው። እስቲ አስቡት፤ ጠፍሩ ባይበጠስ ኖሮ ሐዋርያው ያችን ደጃፍ አልፏት ይሄድ ነበር። እግዚአብሔር በሌላ መንገድም ያገናኛቸው ነበር የሚለኝ አይጠፋም። ልክ ነው። የመረጠው መንገድ ግን ብልሽት ነው።

ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት መንቆረርን ደብረ ማርቆስ ሲያሰኟት ከተማችን የዚህን ጫማው የተበጠሰበት መጻተኛ ስም ይዛ ቀረች። ይህን ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

እኔም እስክንድርያ ኖሬአለሁ። የግብጿን ማለቴ አይደለም፤ ከዋሽንግተን ወረድ ብሎ፣ በፖቶማክ ወንዝ ዳር፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ያለችውን። አማርኛ በየሱቁ የሚሰማባት ከተማ ናት፤ እንጀራም ጌሾም አይጠፋባትም። እንደ ብዙ ወንድሞቼ የተሰማራሁት በታክሲ ነው። ጎጃም ሳለሁ መሪ ጨብጬ አላውቅም ነበር፤ መንጃ ፈቃድ ያወጣሁት ጢሜ ሽበት ከጣለበት በኋላ ነው።

መጀመሪያ የገረመኝ መስቀለኛው መንገድ ነው። መብራት የለው፣ ትራፊክ ፖሊስ የለው፤ በአራቱም አቅጣጫ «ቁም» የሚል ምልክት ብቻ ተተክሏል። ሁሉም ይቆማል። ቀድሞ የደረሰ ቀድሞ ያልፋል፤ እኩል ከደረሱ በቀኝ ያለው ይቀድማል። ማንም ሳያየው ሰው ተራውን ይጠብቃል። የተማሪዎች አውቶቡስ ቆሞ መብራቱን ካበራማ ከኋላም ከፊትም የመጣው መኪና ሁሉ ባለበት ይተከላል፤ ለአንድ ሕፃን ብሎ። በዓለ ንግሥ ላይ እንኳ እንዲህ ያለ ጸጥታ አላየሁም፤ ይቅር ይበለኝ። አዲስ ሥርዓት መማሩ ግን አልከበደኝም፤ አባቶቻችንም ተምረዋል። በ1956 ዓ.ም. አገራችን በግራ የነበረውን አነዳድ ወደ ቀኝ ስታዞር፣ አንድ ማለዳ አሽከርካሪው ሁሉ በገዛ መንገዱ ላይ እንግዳ ሆኖ ውሏል።

የከበደኝ ሌላ ነው። ያን መስቀለኛ መንገድ ስድስት ዓመት ሙሉ ከአንድ ጎረቤቴ ጋር ስንተላለፍበት ኖርን። እሱ ከመሪው ላይ ጣቱን ብድግ ያደርጋል፤ እኔም ብድግ አደርጋለሁ። ቤቱ ከቤቴ ሦስተኛው ነው። ስሙን አላውቅም። ሕግ አክብረን፣ ተራ ጠብቀን፣ ባይተዋር ሆነን ኖርን። መኪና እዚያ አገር ሁለተኛ ቤት ነው፤ ምሳ ይበላበታል፣ ይጸለይበታል፣ ይለቀስበታል። የአባቴን መርዶ የሰማሁት በስልክ፣ ታክሲ ውስጥ ሆኜ፣ ከኋላዬ ተሳፋሪ ጭኜ ነው። እኛ ዘንድ መርዶ በማለዳ፣ ዘመድ አዝማድ ተሰብስቦ፣ ሰውየው ወድቆ እንዳይጎዳ ክንዱ ተይዞ ይነገራል። እኔን የያዘኝ የደኅንነት ቀበቶው ነበር። ተሳፋሪዬን ያለኝ ቦታ ድረስ አድርሼ ሒሳቤን ተቀበልኩ፤ ሰውዬው ምንም አላወቀም። ክፉ ሰው አልነበረም። በመካከላችን የወንበር ጀርባ ነበረ፤ ያውም እንዳይነካ ሆኖ የተሠራ።

ታዲያ በአንድ የክረምት ማለዳ፣ በረዶው ጉልበት ሲደርስ፣ መኪናዬ አልነሣ አለ። ቁልፉን ባዞረው ባዞረው «ጢቅ» ብቻ። ባትሪው ሞቷል። ኮፈኑን ከፍቼ እንደ ለቀስተኛ ቆሜ ሳለሁ ያ ጎረቤቴ መኪናውን አስጠግቶ ወረደ፤ ከኋላ ሻንጣው ሁለት ኬብል አወጣ። ቀዩን ከሞተው ባትሪ ፖዘቲቭ ወደ ሕያው ፖዘቲቭ፤ ጥቁሩን ከሕያው ኔጋቲቭ አንሥቶ በእኔ ሞተር ባዶ ብረት ላይ አሰረው፤ ባትሪው ላይ አይታሰርም፣ ብልጭታው አደጋ አለውና። ሞተሩ ተነሣ። የእሱ ባትሪ ለእኔ በመስጠቱ አልሞተም፤ ይህን ልብ በሉልኝ፣ ብዙ ሰው አልሰጥም የሚለው ያልቅብኛል ብሎ ነውና። ያን ዕለት ሞተሩ እስኪሞቅ ቆመን ያወራነው የስድስት ዓመቱን ዕዳ ከፈለ። ስሙን ነገረኝ፤ ሚስቱ ሆስፒታል እንደተኛች ነገረኝ። ስድስት ዓመት ጣቱን ብቻ ሳየው የኖርኩት ሰው።

«ይህ በአንተ ቋንቋ ምን ይባላል?» ብሎ ጠየቀኝ ባትሪውን እያሳየ። «ባትሪ» አልኩት። ሳቀ። ሌላውንም ጠየቀኝ፤ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ካቻቪቴ፣ ጎሚስታ አልኩት። እሱ ጥንታዊ ቋንቋ የሰማ መስሎት ሲደነቅ እኔ ውስጤ አፈረ፤ ሁሉም የጣልያን ናቸው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ሊገዛን የመጣው ሠራዊት ተባርሮ ሄደ፤ ቃላቱ ግን ጋራዥ ገብተው፣ እጃቸው ዘይት ነክቶ፣ የእኛው ሆነው ቀሩ። መድፍ ይዞ የመጣውን አስወጥተን መፍቻ ይዞ የመጣውን አስቀርተናል። እንግዳ እንዴት የአገር ሰው እንደሚሆን ለማወቅ ጎሚስታ ቤት በር ላይ አንድ ሰዓት መቀመጥ ይበቃል።

አሁን ወደ ኃጢአቴ ልምጣ።

ከዓመታት በኋላ ወደ አገሬ መጣሁ። አዲስ አበባ መኪና ተከራየሁ፤ ለብቻዬ፣ መስታወት ዘግቼ፣ እስከ ደብረ ማርቆስ ያለውን 300 ኪሎ ሜትር ጀመርኩ። ጎሐ ጽዮን ስደርስ መንገዱ ወደ ዓባይ በረሃ ይወርዳል። እስከ ደጀን 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ወንዙ ከአፋፉ ከ1000 ሜትር በላይ ታች ነው፤ መሬቱም እየተንሸራተተ አስፋልቱን ስለሚያጥፈው ቀጥ ያለ የሚመስለው ሁሉ ቀጥ ያለ አይደለም። እኔ የቨርጂኒያ ሰው ፍሬን ብቻ እየረገጥኩ ወረድኩ። የተቃጠለ ነገር ሸተተኝ። ዳር ይዤ ስቆም የአንድ ከባድ መኪና ረዳት መጥቶ መስታወቴን አንኳኳ፤ «ጋሼ፣ ፍሬኑን አያስጨንቁት፤ በከባድ ማርሽ ያውርዱት» አለኝ። ልጅ ነው፤ ላብ ላብ ይላል። «አውቃለሁ» ብዬ መስታወቴን መለስኩ። አላውቅም ነበር። ያለውን ግን አደረግሁ፤ ጃፓናውያን በእርዳታ የሠሩትንና በ2000 ዓ.ም. መጨረሻ የተመረቀውን 303 ሜትሩን የህዳሴ ድልድይ በሰላም ተሻገርኩ። እነዚያ መሐንዲሶች ያን ሙቀት ችለው ለማያውቁት ሰው ድልድይ ሠሩ፤ እኔ ለገዛ ወንድሜ ልጅ ምስጋና ነፈግሁ።

ደጀንን አልፌ የትኖራ ስደርስ የቅኔ አገር ልጅነቴ ተነሣብኝ። ሰሙ የከተማ ስም ነው፤ ወርቁ ጥያቄ ነው፤ የት ኖርክ? ሉማሜ ሳልደርስ ጎማው ፈነዳ።

ስኮርታውን ባወጣው እሱም ነፍስ የለው። ከባሕር ዛፍ ጥላ ሥር ከብት የሚጠብቁ ልጆችና አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ልጆቹ ሳልጠራቸው መጡ፤ አንዱ ክሪኩን ነጠቀኝ፣ አንዱ ጎማው ሥር ድንጋይ አስደገፈ፣ ትልቁ ቡሎኖቹን ፈትቶ ስኮርታውን ተሸከመና «ሉማሜ ጎሚስታ አለ፣ ብር ስጡኝ» አለ። ሰጠሁት። በሚያልፍ አይሱዙ ተንጠልጥሎ ሄደ። እኔም በልቤ «ጎማውም ብሩም ሄደ» አልኩ። ይህን የምነግራችሁ በመድረክ ላይ ቆሜ «ወንድምህን አትጠርጥር» እያልኩ ስለማስተምር ነው።

ሽማግሌው ከኩታቸው ጫፍ ቆሎ ፈተው ዘረጉልኝ። «የማን አገር ሰው ነህ?» አሉኝ። «የዚሁ አገር፣ አባቴ።» አሻቅበው አዩኝ። «እኔስ መስታወቱን ዘግተህ ስትመጣ ፈረንጅ መስለኸኝ ነበር።»

እዚያ ጥላ ሥር ተቀምጬ ብዙ አሰብኩ። ባሕር ዛፉ ራሱ በዐፄ ምኒልክ ዘመን ከአውስትራሊያ የመጣ ነው፤ ስሙ አሁንም ከባሕር ማዶ መምጣቱን ይናገራል። ዛሬ ግን ያለ እሱ ጎጃም ውስጥ ቤት አይማገርም። እሱ ሥር ሰድዶ ባላገር ሲሆን እኔ እትብቴ የተቀበረበት አፈር ላይ ፈረንጅ ሆንኩ። ከሰዓት በኋላ ልጁ መጣ። ጎማው ተለጥፏል፤ የተረፈው ብር በመዳፉ ተጨምድዶ አለ። ልሸልመው እጄን ስሰድድ ሽማግሌው «ተው ልጄ፣ መንገደኛ ነህ» አሉኝ። መንገደኛ ይከፈልለታል እንጂ አይከፍልም ማለታቸው ነው።

እናንተንም ግን ሳልነካችሁ አልወርድም፣ ወገኖቼ። ከተማችን ውስጥ የሚኖሩ የውጭ አገር ሰዎች አሉ። ዩኒቨርሲቲ ሊያስተምር የመጣ አለ፣ መንገድ ሊሠራ የመጣ አለ፤ ከሌላው የአገራችን ማዕዘን ተፈናቅሎ የመጣም አለ፤ የእሱ እንግድነት በቆዳው ስለማይታይ ይረሳል። እነዚህን እንዴት ነው የያዝናቸው? ልጆቻችን «ቻይና! ቻይና!» እያሉ ይከተላሉ፤ እኛ እንስቃለን። ባጃጁ ለእኛ አንድ ዋጋ፣ ለእነሱ ሦስት ዋጋ አለው፤ ያው መንገድ፣ ያው ቤንዚን። ሰውየው ሲከፍል ዝም የሚለው የማያውቅ መስሏችሁ ከሆነ ተሳስታችኋል፤ እኔም ታክሲ ነድቼ አውቃለሁ፣ ሰው የተጭበረበረ ለት ከመስታወቱ ውስጥ ፊቱ ይነበባል። የቆሎ ተማሪ ከወሎ ከትግራይ መጥቶ ደብረ ኤልያስ ቅኔ ሲማር ያበሉት እናቶቻችን ናቸው፤ ውሻ ይከለክሉለታል፣ አኮፋዳውን ይሞሉለታል። ባለ መኪና ሲሆን ነው ልባችን የሚዘጋው፤ አይቸገርም ብለን። የሚቸገርበት ቀን ግን አለ፤ ጠፍሩ የተበጠሰበት፣ ባትሪው የሞተበት፣ ጎማው የፈነዳበት ቀን። በስሙ የምትጠሩት ቅዱስ ያን ቀን ያገኘው ጫማ ሰፊ ደጃፉን ባይከፍትለት ኖሮስ?

ባለ መኪናውም የራሱ ድርሻ አለው። የንግሥት ህንደኬ ገንዘብ አዛዥ፣ አባቶች ባኮስ የሚሉት ጃንደረባ፣ ከኢየሩሳሌም ወደ ጋዛ በሚወስደው መንገድ በሠረገላ ሲጓዝ ኢሳይያስን ያነብ ነበር። በሰው አገር ነው፤ ባለ ሥልጣን ነው፤ ሠረገላውም ደኅና ነው፣ ምንም አልተበላሸበትም። ፊልጶስ በእግሩ እየሮጠ ደርሶ የምታነበው ይገባሃል ወይ ቢለው፣ እኔ ለረዳቱ እንዳልኩት «አውቃለሁ» ማለት ይችል ነበር። የሚመራኝ ሰው ከሌለ ከየት ይገባኛል አለ፤ ከጎኑም አስቀመጠው። እንደ ማርቆስ ጠፍር እስኪበጠስ አልጠበቀም። ከሁለቱ የቱ እንደሚበልጥ አላነጻጽርም፤ እኔ ግን ከጠፍሮቹ ወገን ነኝ፤ ካልተበላሸብኝ አልቆምም።

ጎማው ገብቶ ቡሎኑ ከጠበቀ በኋላ ሽማግሌውን ወዴት እንደሚሄዱ ጠየቅኋቸው። ደብረ ማርቆስ፣ ልጃቸው ዘንድ። በእግራቸው እስከ ሉማሜ፣ ከዚያ የተገኘውን መኪና። ጋቢናውን ከፈትኩላቸው። ዱላቸውን በጉልበታቸው መሐል አቁመው ተቀመጡ። ጥቂት እንደሄድን መኪናው ጢጥ፣ ጢጥ ማለት ጀመረ፤ ቀበቶ አላሰሩም።

«ምን ይላል?» አሉኝ።

«ይታሰሩ ነው የሚለው፣ አባቴ።»

ዳር ይዤ ቆምኩና ቀበቶውን በደረታቸው ላይ ስቤ አሰርኩላቸው። ወደ ታች አዩት፣ ወደ እኔ አዩ።

«ለካ እናንተ አገር እንግዳ ይታሰራል!» ብለው እስኪያስላቸው ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። ከዚያ መስታወቱን እንዴት እንደሚያወርዱት አሳየኋቸው፤ እስከ ደብረ ማርቆስ ድረስ ክፍቱን ነዳን፤ እሳቸውም በየመንገዱ ያገኘነውን ሁሉ በስሙ እየጠሩ ሰላም ሲሉ ሄዱ።