የየቲሞች ገንዘብና የትዕግሥት ንግድ



በቅርቡ አንድ ወዳጄ ከመርሳ መጥቶ ምክር ጠየቀኝ። ወንድሙ ወደ አኼራ ሄዷል፤ ሦስት የቲሞች ትቷል። የሟቹ ሱቅ ተሽጦ ገንዘቡ በአጎትየው እጅ ነው። ወልዲያ ያለ አንድ የሚያውቀው ሰው «በሦስት ወር እጥፍ ይሆንልሃል፤ አንተ ብቻ ሌላ ሰው አምጣ» ብሎታል። «ወንድሜ፣ ልስጠው ወይስ እንዲሁ ይቀመጥ?» አለኝ።

«አብሽር፣ ሁለቱም አይሆንም» አልኩት።

የመጀመሪያው የማይሆነው ግልጽ ነው። ሸቀጥ የለው፣ አገልግሎት የለው፤ ቀድሞ የገባው የሚከፈለው ኋላ ከሚገባው ኪስ ነው። አላህ (ሱ.ወ) የየቲምን ሐቅ ስለሚበሉ ሰዎች በሱረቱ ኒሳእ ብርቱ ማስጠንቀቂያ አውርዷል። ታዲያ በየቲም ገንዘብ ቁማር መጫወት ከመብላት በምን ይለያል?

ሁለተኛውስ? ዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ) የየቲሞች ገንዘብ በዘካ እንዳያልቅ ይነገድበት ብለው መምከራቸው ተዘግቧል። ሒሳቡ ቀላል ነው። በሻፊዒይ መዝሀብ ኒሷብ ከሞላ የየቲም ገንዘብ ላይ በዓመት 2.5 በመቶ ይወጣል። የተቀመጠ 100 ብር በአሥር ዓመት 77 ብር ከ60 ሣንቲም ገደማ ይሆናል። ሐነፊዎች በየቲም ጥሬ ገንዘብ ላይ ዘካን ግዴታ አያደርጉም፤ የዋጋ ንረት ግን መዝሀብ አይመርጥም።

እንግዲህ የቀረው መንገድ ረጅሙ ነው። አሜሪካዊው ዋረን ቡፌት እ.ኤ.አ በ1942፣ የ11 ዓመት ልጅ ሳለ፣ ለራሱና ለእህቱ ሦስት ሦስት አክሲዮን እያንዳንዱን በ38 ዶላር ገደማ ገዛ። ዋጋው ወደ 27 ወረደ። እህቱ በየቀኑ ብትወተውተው ተጨነቀና 40 ሲደርስ ሸጠው። በኋላ ዋጋው ከ200 አለፈ። የሌላ ሰው አደራ የያዘ እጅ እንዲህ ቶሎ ይንቀጠቀጣል። መምህሩ ቤንጃሚን ግራሃም እ.ኤ.አ በ1949 ባሳተመው መጽሐፍ ገበያን ስሜቱ በሚለዋወጥ ሸሪክ መስሎታል። ይህ ሸሪክ በየቀኑ እየመጣ አንዴ በደስታ፣ አንዴ በፍርሃት ዋጋ ይጠራል። እሱ ስለጮኸ ግን የመሸጥ ግዴታ የለብህም። የቡፌት ሀብት ከኢንሹራንስና ከወለድ የጸዳ አይደለም፤ እኛ የምንወስደው ልማዱን እንጂ ውሉን አይደለም።

ልማዱንስ ቢሆን የሐብሩ ገበሬ ያለ መጽሐፍ ያውቀዋል። ከፍሬው የተተከለ ማንጎ እስኪያፈራ አምስት ዓመትና ከዚያ በላይ ያስጠብቃል። ከእንዲህ ያለ ገበሬ ጋር መሸረክ የሚፈልግ ብልህ ነጋዴ የዕለቱን ዋጋ ብቻ ጠይቆ አይወስንም። ውኃው በበጋ ይደርሳል ወይ? ዛፉ ስንት ዓመቱ ነው? በሽታ አለበት ወይ? ሰውየውስ አማና ያውቃል ወይ? ይላል። ከተሸረከ በኋላም ችግኙን በየሳምንቱ እየነቀለ ሥሩን አያይም።

ነገር ግን ድንበር አለው። እነዚያ ባለሀብቶች «ሌላው ሲፈራ ግዛ» ይላሉ። በ2013 ዓ.ም መጨረሻና በ2014 ዓ.ም መጀመሪያ ጦርነቱ ወልዲያንና መርሳን ሲያዳርስ፣ ልጆቹን ለማብላት ንብረቱን ከሚሸጥ ሰው በሩብ ዋጋ መግዛት ብልህነት ነውን? ዑለማዎች የተቸገረን ሰው ጭንቀት ተገን ያደረገ ግብይትን ነቅፈዋል። እህል አከማችቶ የዋጋ መናር መጠበቅንም ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አውግዘዋል። የ1966ቱንና የ1977ቱን ረሃብ ላየ የወሎ ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልግም። ታጋሽ የሚጠብቀው የዛፉን ማፍራት ነው፤ ስግብግብ የሚጠብቀው የጎረቤቱን መውደቅ ነው። ሁለቱም ይጠብቃሉ፤ አላህ ዘንድ ግን አንድ አይደሉም።

ነቢዩ ዩሱፍም (ዐ.ሰ) በሰባቱ የጥጋብ ዓመታት እህሉ ከነዛላው እንዲቀመጥ መከሩ። በችግሩ ዘመን ግን ያ እህል ሕዝብን አዳነበት እንጂ አላስጨነቀበትም።

ዛሬ ከቀድሞው የሰፋ በር አለ። ከወለድ ነፃ የሆነው ዘምዘም ባንክ በ2013 ዓ.ም ሥራ ጀምሯል። ኢትዮ ቴሌኮም በ2017 ዓ.ም አንዱን አክሲዮን በ300 ብር ለሕዝብ አቅርቦ ነበር፤ በዚያው ዓመት ጥር ወር የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ ተከፍቷል። ሆኖም ስሙ ስለገነነ ብቻ ምንም አይገዛም። ሥራው ሐላል ነው ወይ? የወለድ ዕዳው ምን ያህል ነው? ትርፉ ከምን ይመጣል? እነዚህን ሒሳብ አዋቂም ዓሊምም ይጠየቁባቸው።

ወዳጄን ያልኩት ይህን ነው፦ ለልጆቹ ቀለብና ትምህርት የሚሆነውን ለይተህ አስቀምጥ። የቀረውን በአንድ ቦታ አታድርገው። የማታውቀው ንግድ ውስጥ አትግባ። በየቲሞች ስም አትበደር። ሁሉን በጽሑፍ፣ በምስክር ፊት አድርግ።

ትልቁ ልጅ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ሒሳቡን የሚረከበው ከሦስት ወር በኋላ ሳይሆን ለአቅመ አዳም ሲደርስና ማስተዋሉ ሲታይ ነው። ዛሬ የተተከለ ማንጎ ያን ጊዜ ያፈራል። ያን ቀን አጎትየው ደብተሩን ገልጦ ሳያፍር እንዲያስረክብ አላህ ይርዳው፤ እኛንም አደራ ጠባቂ ያድርገን። አሚን።

ወላሁ አዕለም።