ስለ አሮጌ ጀልባ ናፍቆት

ሰው ያለፈውን መናፈቁ የተፈጥሮ ነገር ነው። ነገር ግን ወጣት አንባቢዬ ሆይ፣ ናፍቆት ሁሉ ንጹሕ ነውን? የምንናፍቀውን ነገር ዋጋውን የከፈለው ሌላ ሰው እንደ ሆነስ? ይህን ጥያቄ ከመጽሐፍ አላገኘሁትም፤ በጣና ላይ ከአንዲት እናት አፍ ሰማሁት።

ተወልጄ ያደግሁት በታች ጋይንት፣ በአርብ ገበያ ነው። አገራችን የገደል እንጂ የባሕር አገር አይደለም። ውሃ ማለት ለእኛ የሚያሻግር ሳይሆን የሚከለክል ነገር ነበር፤ በሽሎ በክረምት ሲሞላ እንደ ግንብ ሆኖ ከወሎ ዘመዶቻችን ይለየናል። ስለዚህ ይመስለኛል፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ባሕር ዳር ወርጄ ሰውና እህል ጭኖ በውሃ ላይ የሚሄድ ጀልባ ባየሁ ጊዜ ልቤ የተሰረቀው።

ያ ጀልባ በሳምንት አንድ ጊዜ ከባሕር ዳር ተነሥቶ፣ ደቅ ደሴትን ነክቶ፣ በቁንዝላ አድሮ፣ በማግሥቱ ጎርጎራ ይደርስ ነበር። ቀለሙ የተላጠ፣ ሞተሩ የሚያጓራ አሮጌ ነበር። እኔ ግን ጉዳይ ሳይኖረኝ፣ ለመሳፈር ብቻ፣ በየዓመቱ ከጋይንት እየወረድሁ እሳፈርበት ጀመር። የናፍጣውን ሽታ፣ የገበያተኛውን ጨዋታ፣ ወይጦዎች ከደንገል በሚያስሩት ታንኳ አጠገባችን ሲያልፉ ማየቱን እወድ ነበር። ከሁሉ ይልቅ የምወደው ዝግታውን ነው።

አንድ ጊዜ ከጎርጎራ ስመለስ፣ በደልጊ አንዲት ሴት ትኩሳት የያዘው ሕፃን አዝላ ተሳፈረች። የምትሄደው ወደ ባሕር ዳር ሐኪም ቤት ነበር። ሲመሽ ቁንዝላ ደረስንና እንደ ልማዱ ጀልባው ለአዳር ቆመ። እኔም ደስታዬን መሸሸግ አቅቶኝ፣ ከጎኔ ለተቀመጠው ሰው፣ «እንዲህ እየተዝናኑ መሄድን የመሰለ ምን አለ!» አልሁት። ሴትዮዋ ሰምታኝ ኖሮ ቀና ብላ፣ «ጋሼ፣ ለአንቱስ መሽቶ ይነጋል፤ እኔ ግን የልጄን ትንፋሽ እየቆጠርሁ ነው» አለችኝ። ቁጣ አልነበረባትም። ቁጣ ቢኖርባት ኖሮ መልስ ባላጣሁ ነበር። ያን ሌሊት አልተኛሁም። በማግሥቱ ባሕር ዳር ስንደርስ ልጁ በሕይወት ነበር፤ እናቱ እየሮጠች ከወደቡ ወጣች፤ ከዚያ ወዲያ አላየኋትም።

እንግዲህ ክርክሬን ከራሴ ጋር ጀመርሁ። በአንድ ወገን እንዲህ አልሁ፤ አሮጌ ነገር መውደድ ማንን ይጎዳል? በሰለጠነው ዓለምም እንደ እኔ ያሉ አሉ። በዴንማርክ አገር፣ ታላቁ ቤልት በሚባለው ወሽመጥ ላይ በ1998 እ.ኤ.አ. የመኪና ድልድይ ሲከፈት፣ በዚያ መኪና ያሻግሩ የነበሩት መርከቦች ሥራቸው ቀረ፤ እንደነዚህ ያሉትን መርከቦች እየናፈቁ፣ የቀሩትን ፈልገው ለመሳፈር ብቻ የሚጓዙ ሰዎች በአውሮፓ አሉ። በኢስታንቡልም ባሕሩ ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ድልድይ ቢኖረውም ጀልባው አልቀረም። መልካም ነው። በዚያ የቸኮለ በድልድዩ ይሄዳል፤ የወደደ በጀልባው ይሳፈራል። የደልጊዋ እናት ግን ምርጫ አልነበራትም። እኔ ጨዋታ ያደረግሁት የእርሷን ግዳጅ ነው።

በሌላው ወገን ደግሞ በአባይ ላይ፣ በእስቴና በሞጣ አገር መካከል ያለውን ሰባራ ድልድይ አሰብሁ። በአፄ ፋሲል ዘመን የተሠራው ይህ ድልድይ፣ በጣልያን ወረራ ጊዜ አርበኞች የጠላትን መንገድ ለመቍረጥ መካከሉን አፈረሱት። ከዚያ በኋላ ከስድሳ ዓመት በላይ ሰው በገመድ እየታሰረ፣ በዚህና በዚያ ማዶ በቆሙ ሰዎች እየተጐተተ ተሻገረ። በ2002 እ.ኤ.አ. ተጠገነ፤ በ2005 ጎርፍ ወሰደው፤ በ2009 በገመድ የተንጠለጠለ የእግር ድልድይ ተሠራ። አሁን ያን የገመድ መሻገሪያ «እንዴት ደስ ይል ነበር» ብሎ የሚናፍቅ ሰው ቢኖር፣ ያን ሰው በገደሉ አፍ ላይ አልቆመም እንለዋለን።

ይሁን እንጂ አንድ ነገር አስጨነቀኝ። በሽሎን በዋናተኛ እየተሻገሩ የኖሩት፣ መከራውን በሥጋቸው የቀመሱት ሽማግሌዎቻችንም ያን ዘመን ይናፍቃሉ። እነርሱንም ስተዋል እንበልን? አይደለም። አንድ ቀን ጠጋ ብዬ ብሰማቸው፣ ስለ ጎርፉ በጎነት አንዳች አልተናገሩም። የሚሉት፣ «ሙላቱ እስኪጎድል ወንዝ ዳር እንቀመጥ ነበር፤ ስንቅ ያለቀበት ከሌላው ይበላ ነበር፤ ደካማ ሳይሻገር ብርቱ አይሻገርም ነበር» ነው። የሚናፍቁት ወንዙን ሳይሆን ወንዝ ዳር የተገናኙትን ሰው ነው።

ልዩነቱ እዚህ ላይ ተገለጠልኝ። የሰውን ፍቅር መናፈቅ ሀብት ነው፤ የሰውን ችግር መናፈቅ ግን ጭካኔ ነው። ሁለቱ አንድ ልብስ ለብሰው ስለሚመጡ ያታልላሉ፤ እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ ናቸው።

በ2016 ዓ.ም. በባሕር ዳር አዲሱ የአባይ ድልድይ ተመረቀ፤ ርዝመቱ 380 ሜትር ነው። በእግሬ ተሻገርሁት። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ማዶ ነበርሁ፤ ግን ከማንም ጋር አንዲት ቃል አልተነጋገርሁም። ያን ጊዜ አሮጌው ጀልባ በእውነት ናፈቀኝ። ይሁን እንጂ ያጣሁት ነገር የድልድዩ ጥፋት አይደለም፤ የእኔ ነው። ዝም በል ብሎ ያዘዘኝ የለምና።

ስለዚህ ወጣት ሆይ፣ ያለፈ ነገር በናፈቀህ ጊዜ፣ «በዚያ ነገር የተቸገረው ማን ነበር?» ብለህ አስቀድመህ ጠይቅ። ቀጥለህ መልካሙን ከመከራው ለይ፤ መልካሙንም ዛሬ በደረስህበት ቦታ ሥራው። አውቶቡስ ተራ ሕፃን ያዘለች እናት ብታይ ተራህን ልቀቅላት። እኔም ዛሬ ጀልባ መሳፈሬን አልተውሁም፤ ነገር ግን ከመቀመጤ በፊት ማን እንደ ቸኮለ ዞሬ እመለከታለሁ።