እውነትና ምስክርዋ

አንድ ተማሪ በተሳሳተ ስሌት ትክክለኛውን መልስ ቢያገኝ ሙሉ ነጥብ ይገባዋልን? የሒሳብ መምህር ሆኜ ባገለገልሁባቸው ዓመታት ሁሉ በዚህ ነገር ከተማሪዎቼ ጋር ተከራክሬአለሁ። እኔ አልሰጥም ነበር፤ እነርሱም ያጕረመርሙ ነበር። ነገሩ ግን ከመማሪያ ክፍል ውጭም የሚያገኘን ስለ ሆነ፥ ወጣት አንባቢ ሆይ፥ በአንድ ታላቅ ምሳሌ ላስረዳህ።

አልፍሬድ ቬገነር የተባለ ጀርመናዊ ሊቅ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1912 ዓ.ም. አህጉሮች ረግተው እንደማይኖሩ፥ ቀስ በቀስም እንደሚጓዙ ተናገረ። ነገሩ እውነት ነበረ። ካቀረባቸው ማስረጃዎች አንዱ ግን በልዩ ልዩ ዘመን የተደረገ የግሪንላንድ ደሴት ልኬት ነው፤ በዚያ ልኬት ደሴቲቱ ከአውሮፓ በየዓመቱ ብዙ ሜትር የምትርቅ ትመስል ነበር። የቀድሞው ልኬት በጨረቃ አቋም የተደረገ ስለ ሆነ፥ ስሕተቱ ከጉዞው እጅግ ይበልጥ ነበር። ቬገነር አልዋሸም፤ የተለካውን ተናገረ እንጂ። በ1930ም በዚያችው ደሴት በበረዶ መካከል ሞተ።

ዛሬ 20,200 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍ ብለው የሚዞሩ ሳተላይቶች የአቶም ሰዓት ይዘው መልእክት ይልካሉ። መልእክቱ በመንገድ የፈጀው ጊዜ ሲታወቅ ርቀቱ ይታወቃል። በቢሊዮንኛ ሰከንድ ብንሳሳት ርቀቱ በ30 ሴንቲ ሜትር ይዛባል። በኪሳችን ያለው ስልክ በብዙ ሜትር ይስታል። የምድርን ጉዞ የሚለኩት ሰዎች ግን መቀበያውን በጽኑ ዐለት ላይ ይተክላሉ፤ አየሩ መልእክቱን ያዘገየበትን መጠን ይቀንሳሉ፤ ከዚያም ለዓመታት ይጠብቃሉ። ግሪንላንድ ከአውሮፓ የምትርቀው በዓመት 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ሆኖ ተገኘ።

«ሰውዬው እውነተኛ ከሆነ የልኬቱ ስሕተት ምን ይጎዳል?» የሚል ይኖራል። በወሬ የተከሰሰ ሰው በኋላ በእርግጥ ሌባ ሆኖ ቢገኝስ፥ በወሬ የፈረደበት ዳኛ ጻድቅ ይባላልን? በሚቀጥለው ቀን በዚያው ወሬ ንጹሑን ያስራል። በሌላ በኩል ግን፥ የምስክሩን ድካም አይተው ነገሩን ራሱን ሐሰት ነው የሚሉ ሰዎችም በጥድፊያ አያንሱም። እኔ ለዚያ ተማሪ ነጥብ ብነፍገውም መልሱን አልሰረዝሁበትም።

በእኛም አገር በስምጥ ሸለቆ ግራና ቀኙ የሚራራቀው በዓመት 5 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። የአንድ ዓመቱን ልኬት ብቻ ይዞ «ተንቀሳቀሰ ወይስ አልተንቀሳቀሰም?» ብሎ የሚያጣድፋቸው ሰው ቢኖር፥ ለኪዎቹ የሚመልሱለት «ገና ነው» ብለው ነው።