ቁርኣን የተቀራለት ችግኝ



በየስልካችን ደጋግሞ የሚዞር ቪዲዮ አለ። ሁለት ችግኞች ተተክለዋል፤ ለአንዱ ቁርኣን ይቀራለታል፣ ለሌላው ዘፈን ይከፈትለታል። ከሳምንታት በኋላ የመጀመሪያው ለምልሞ፣ ሁለተኛው ጠውልጎ ይታያል። ከሥሩ «ሳይንስ አረጋገጠ! ሼር አድርጉ» ይላል። ለቁርኣን ያለን ፍቅር ይህን ሳናጣራ እንድናሰራጭ ይፈቅድልናል?

ተክል ንዝረት እንደሚሰማው በእርግጥ ታይቷል። በ2014 በአሜሪካ ሚዙሪ ዩኒቨርሲቲ ሃይዲ አፔልና ሬክስ ኮክሮፍት፣ አባጨጓሬ ቅጠል ሲበላ የሚፈጥረውን ንዝረት ቀድተው ከጎመን ወገን ለሆነች ትንሽ ተክል አሰሟት። ኋላ እውነተኛ አባጨጓሬ ሲለቀቅባት፣ ንዝረቱ ካልደረሳት ተክል የበለጠ መከላከያ ኬሚካል አመነጨች። የነፋስ ንዝረት ግን ይህን አላስከተለም። ሱብሐነላህ! የቲማቲም አበባም ዱቄቱን በደንብ የሚለቀው ሲንቀጠቀጥ ነው። ስለዚህ ነፋስ በማይገባበት ግሪንሃውስ ገበሬዎች አበባውን በኤሌክትሪክ መሣሪያ እያንቀጠቀጡ ምርት ያገኙ ነበር፤ ዛሬ በብዙ ቦታ ይህን የሚሠሩት ጸጉራም ትልልቅ ንቦች ናቸው።

እንዲህ ያለው ዕውቀት የሚገኘው በብዙ ተክል ላይ ተሞክሮ፣ ብርሃኑም ውሃውም እኩል ተደርጎ፣ ተደጋግሞ ተለክቶ ነው። ሁለት ችግኝ ምን ይነግረናል? አንዱ ለመስኮት ቀርቦ ይሆናል። የወደድነውን ደግሞ ሳናስበው ውሃ እናበዛለታለን።

አላህ በሱረቱል ኢስራእ ፍጥረታት ሁሉ እንደሚያጠሩት፣ እኛ ግን ማጥራታቸውን እንደማንረዳው ነግሮናል። አላህ አትረዱትም ያለንን በስፒከርና በማስመሪያ ለካነው ማለት ድፍረት ነው።

ሰሒሕ ሙስሊም ውስጥ የመዲና ገበሬዎች ታሪክ አለ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ሰዎቹ የወንዱን ተምር አበባ ከሴቷ ሲያዳቅሉ አይተው፣ ባያደርጉት ሳይሻል እንደማይቀር አስተያየት ሰጡ። ሰዎቹ ተዉት፤ ምርቱም ቀነሰ። ይህ ሲነገራቸው፣ የዱንያ ጉዳያቸውን እነርሱ ይበልጥ እንደሚያውቁ ነገሯቸው። የእርሻን ነገር ከሚያውቀውና ከሞከረው መጠየቅ ከኢማን የሚያጎድለው የለም ማለት ነው።

አንድ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ቪዲዮውን አምኖ ቤቱ ቢሞክረውስ? ቁርኣን እየተቀራለት ችግኙ ቢደርቅ ምን ይላል? ችግኙ የደረቀው በውሃ እጦት ሊሆን ይችላል፤ በልጁ ልብ የሚገባው ጥርጣሬ ግን በቁርኣን ላይ ነው። ያንን መንገድ የከፈትንለት እኛ ነን፤ ያውም አጅር እናገኛለን ብለን።

ሱረቱል ሑጁራት ወሬ ሲመጣልን እንድናጣራ ያዘናል። የሚያስደስተን ወሬ ከዚህ ትእዛዝ አልወጣም፤ እንዲያውም ቸኩለን የምናምነው እርሱን ነው። ዛሬ «ሳይንስ አረጋገጠ» የሚል መልእክት ሲደርሳችሁ፣ ማን፣ የት፣ በስንት ተክል ላይ ብላችሁ ጠይቁ። መልስ ካጣችሁለት እናንተ ጋ ይቁም።

አላህ ጠቃሚ ዕውቀትና እውነተኛ ምላስ ይወፍቀን። መልካም ጁሙዓ!