«ስነጻ እቀርባለሁ» ለምትሉ

ቅዳሴው ሊያበቃ ሲል፣ ሥጋውና ደሙ ከመቅደስ ሲወጣ፣ ማን እንደሚቀርብ ልብ ብላችሁ ተመልከቱ። እናቶቻቸው የታቀፏቸው ሕፃናት ይቀርባሉ። ነጠላቸውን አጣፍተው በምርኩዝ የሚሄዱ አረጋውያን ይቀርባሉ። በሁለቱ መካከል ያለው ወገን፣ ነግዶ የሚያድረው፣ ልጅ የሚያሳድገው፣ በጉልበቱ ያለው፣ አብዛኛው ቆሞ ያያል። ቅጥሩ ውስጥ እንኳ ሳይገባ ከደጅ ተሳልሞ የሚመለሰውም ብዙ ነው። በቅርብ ዓመታት ወጣቶች በርከት ብለው ሲቆርቡ የሚታይባቸው አጥቢያዎች መኖራቸው ደስ ያሰኛል፤ የቀረው ግን ይበዛል። ለምን ብላችሁ ብትጠይቁት «እምነት የለኝም» አይላችሁም። «እኔማ በምን ንጽሕናዬ! እስኪ መጀመሪያ ልንጻ፣ ያኔ እቀርባለሁ» ይላችኋል።

ይህን መልስ ትሕትና ነው ብለን ስናከብረው ኖረናል። እኔ ግን ትሕትና ነው ብዬ አላምንም። ሰው ራሱን በራሱ አንጽቶ የሚመጣ ቢሆን ኖሮ ክርስቶስ ሰው መሆን ባላስፈለገውም ነበር። ከቀራጮችና ከኃጢአተኞች ጋር ማዕድ ተቀምጦ ሲታማ የመለሰው መልስ በወንጌል ተጽፏል፤ የመጣው ለታመሙት እንጂ ለጤነኞቹ አይደለም። እስክንሽር ድረስ ከሐኪሙ ደጅ እንርቃለን ማለታችን እንግዲህ ምን የሚሉት ነገር ነው?

የስቅለትን ዕለት አስቡ። ዓመቱን ሙሉ ደጁን ተሳልሞ ሲያልፍ የከረመው ሁሉ ያን ቀን ግቢውን ይሞላዋል። ሲሰግድ ይውላል፤ ወደ ማታ በካህኑ ፊት ተሰልፎ ጀርባውን ለወይራው ቅጠል ይሰጣል፤ በጥብጠባው የታዘዘለትን ስግደት ሳይሰስት ይፈጽማል። መልካም ሥርዓት ነው፤ ጉልበቱንም ልቡንም አይቼ አከብረዋለሁ። በትንሣኤ ሌሊት ግን ያ ሁሉ ሕዝብ የቁርባኑ ሰዓት ሲደርስ ወደ ኋላ ያፈገፍጋል። ለቅጣት የተሰለፍን ሰዎች ምሕረት ሲሰጠን እንፈራለን። እንዲህ የምናደርገው ራሳችንን መቅጣት ስለሚቀለን ይመስለኛል። ቅጣት በእጃችን ነው፣ እንለካዋለን፣ እንጨርሰዋለን። ምሕረት ግን በሌላ እጅ ነው፤ ባዶ እጅን ዘርግቶ መቀበልን ይጠይቃል።

ጸጸት ብቻውን እንደማያድን ከይሁዳ የበለጠ የሚያስተምረን የለም። ይሁዳ ያደረገውን ቆጥረን እንየው። ተጸጸተ። 30ውን ብር መለሰ። ንጹሕ ደም አሳልፎ በመስጠቱ እንደ በደለ በአፉ ተናገረ። ከብዙዎቻችን ይልቅ ብዙ አድርጓል ማለት ነው። ነገር ግን የተናገረው ጉዳዩ ለማይገዳቸው ለካህናት አለቆች ነበር፤ እነሱም ምን አገባን ብለው መለሱት፤ እሱም ብቻውን ሄዶ በገዛ ራሱ ላይ ፈረደ። ጴጥሮስም ጌታ በተያዘበት ሌሊት እሳት እየሞቀ 3 ጊዜ ካደው፤ ወጥቶም መራራ ልቅሶ አለቀሰ። ልዩነቱ ከዚያ በኋላ ነው። ጴጥሮስ ከወንድሞቹ አልተለየም። በጥብርያዶስ ባሕር ዳር ጌታ መቆሙን በሰማ ጊዜ ጀልባዋ እስክትደርስ አልጠበቀም፤ ወደ ውኃው ዘሎ ገባ። ዳር ሲደርስ ፍም ተነጥፎ ዓሣ ተጠብሶ አገኘ። ሦስት ጊዜ የካደውን ሰው ጌታ ሦስት ጊዜ ትወደኛለህን ብሎ ጠየቀው፤ በጎቹንም አደራ ሰጠው። እስኪነጻ ድረስ አላቆየውም።

ወደ እኛ ኑሮ እንምጣ። በሰማንያ ተጋብተው ልጆች ያፈሩ፣ ተዋደው የሚኖሩ ስንት ባልና ሚስት ናቸው ቁርባንን ለእርጅና ያቆዩት! «በቁርባን ከተወሰንን መፋታት የለም» ብለው ይፈራሉ። ልትፋቱ ካላሰባችሁ የምትፈሩት ምንድን ነው? ሌላው ደግሞ «ቆርቤ ብወድቅስ?» ይላል። መውደቅ ይኖራል። ጴጥሮስ ወንድሜን ስንት ጊዜ ይቅር ልበል ብሎ ሰባት ላይ ሊያቆም በፈለገ ጊዜ ጌታ ቁጥሩን ሰባ ጊዜ ሰባት አድርሶበታል። ከሰው ይህን ያህል የሚጠብቅ አምላክ ራሱ ከዚያ ያነሰ ይቅር አይልም። ይህን ስል በኃጢአት እንድንደፋፈር አይደለም፤ የወደቀ እንዲነሣ ነው እንጂ።

ታዲያ ስትመጡ በእውነት ኑ። የነፍስ አባታችሁን ለዝክርና ለልቅሶ ብቻ የምትጠሩ ከሆነ፣ ጠበል ረጭተው፣ እንጀራ ባርከው፣ «ይፍቱኝ» «እግዚአብሔር ይፍታ» ተባብላችሁ የምትለያዩ ከሆነ፣ ይህ ንስሐ አይደለም። «በማወቅም ባለማወቅም የበደልሁትን» የምትለዋ ቃል ብዙ ነገር ትሸፍናለች። ያላወቅነውን እግዚአብሔር ያውቀዋል፤ ያወቅነውን ግን በስሙ እንጥራው። የወንድሜን የውርስ ድርሻ በልቻለሁ። ድንበር ገፍቻለሁ። በሐሰት መስክሬያለሁ። የቤት ሠራተኛዬን ደመወዝ ከልክያለሁ። ትዳሬን አጉድያለሁ። የሰሙት ካህን ምስጢሩን ለማንም ማውጣት አይፈቀድላቸውም፤ እናንተም ከዚያ ቀን በኋላ ብቻችሁን አትሸከሙትም።

የበላነውንም እንመልስ። ዘኬዎስ ጌታ ወደ ቤቱ ሲገባ በደስታ ተቀበለው፤ ከዚያም የገንዘቡን እኩሌታ ለድሆች፣ የቀማውንም አራት እጥፍ ሊመልስ ተነሣ። ቅደም ተከተሉን አስተውሉ። በመመለሱ ምሕረትን አልገዛም፤ ምሕረት ቤቱ ስለገባ እጁ ተፈታ። የታዘዘላችሁን ቀኖና ጾማችሁ፣ ሰግዳችሁ፣ የድሃዋን ደመወዝ ግን ካልሰጣችሁ ንስሐው ገና በመንገድ ላይ ነው። ሽማግሌ መላክ ካስፈለገ ላኩ።

እዚህ ላይ ለአንዳንዶች ለብቻ የምነግረው አለ። በዓረብ አገር ሠርታ ቤተሰቧን የምታስተዳድር እህት፣ አሠሪዋ ፓስፖርቷን ይዛባት እናቷን ሳትቀብር የቀረች፣ «እናቴን ጣልኳት» ብላ ራሷን ትረግማለች። እህቴ፣ ይህ ኀዘን ነው፤ ኃጢአት አይደለም። ተገድዳ የተደፈረችም ሴት በደለኛዋ እሷ አይደለችም፤ ንስሐ የሚገባው የደፈራት ሰው ነው። የሌላውን በደል የራስ አድርጎ መናዘዝ ከሸክም አያሳርፍም። እንቅልፍ የነሣው፣ ሞትን የሚመኝ ሰው ካለም ካህኑን ሲይዝ ሐኪሙን አይተው፤ ሁለቱም ከእግዚአብሔር ናቸው።

ለቀረነውም ምክር አለኝ። ሰውን ከደጅ ከሚያቆሙት አንዱ የእኛ ምላስ ነው። «እሷ ደግሞ ቆረበች!» «ትናንት የት እንደነበረ ረሳ እንዴ?» እንላለን። በአራተኛው መቶ ዓመት በግብፅ በአስቄጥስ ገዳም የኖረውን፣ ቤተ ክርስቲያናችን ሰኔ 24 የምታስበውን ሙሴ ጸሊምን አስታውሱ። ሽፍታ ነበር፤ ኋላ መነኩሴና ካህን ሆነ። አንድ ወንድም በድሎ አባቶች ሊፈርዱበት በተሰበሰቡ ጊዜ ሙሴ የሚያፈስ ዕቃ በጀርባው አዝሎ መጣ። ምንድን ነው ቢሉት፣ የገዛ ኃጢአቴ ከኋላዬ እየፈሰሰ ሳላየው በሌላው ልፈርድ መጣሁ አላቸው። ወንድሙንም ይቅር አሉት።

ሥርዓቱ በየቤተ እምነቱ ይለያያል። በወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ያላችሁም ምሕረት በጸጋ ነው ስትሉ ኖራችሁ በልባችሁ ግን የድሮውን መዝገብ የምታገላብጡ ከሆነ፣ የምታምኑትን ሽማግሌ ወይም መጋቢ ይዛችሁ ነገሩን ተናገሩት፤ ጸልዩበትም።

በኦርቶዶክሳዊው ቤት ያላችሁ፣ ጾም እስኪገባ አትጠብቁ። የነፍስ አባት ከሌላችሁ በአጥቢያችሁ ያሉትን ካህን በዚህ ሳምንት ጠይቁ። በስደት ሆናችሁ ቤተ ክርስቲያን ሩቅ ከሆነባችሁ ለምታውቋቸው ካህን ደውላችሁ ቀጠሮ ያዙ። ባልና ሚስት ከሆናችሁ አብራችሁ ሂዱ፤ አንዱ ካልፈለገ ሌላው ብቻውን ይጀምር። የታዘዘላችሁን ቀኖና ፈጽሙ፤ «ተፈትታችኋል፣ ቅረቡ» ስትባሉ ደግሞ እሺ ብላችሁ ቅረቡ።